ከግድግዳው ወዲህ ያለው ቁጥር

ዛሬ ጠዋት የትምህርት ቤታችንን የላቦራቶሪ ቁም ሣጥን ስከፍት ያረጀ ጎማ ሸተተኝ። ከታችኛው መደርደሪያ አንድ የተጣጠፈ የጎማ ጓንት ተረስቶ ኖሯል። ተማሪዎቼ አፍንጫቸውን ያዙ፤ እኔ ግን ጠጋ አልኩ። ሆሳዕና፣ እህቴ ትሠራበት በነበረው ሆስፒታል፣ ራጅ ክፍሉ በር ላይ ተሰቅሎ ይውል የነበረው ጨረራ የሚከላከል ከባድ ሽርጥ እንዲህ ነበር የሚሸተው።

ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ታላቅ እህቴ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ስትሆን ወንበሯ ከራጅ ክፍሉ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ እሷ እሄድና እስክትጨርስ አግዳሚው ላይ እጠብቃታለሁ። ሰው ፊት መናገር ስለምፈራ ዝም ብዬ ማየትና መስማት ነበር ሥራዬ። ከግድግዳው ወዲያ ማሽኑ ያጉረመርማል፤ ራጅ አንሺው «ትንፋሽ ያዝ!» ብሎ ይጮሃል፤ ከግድግዳው ወዲህ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ። «ተንፍስ!» እስኪል ድረስ ያ የማይታይ ነገር የት የት እንደሚደርስ አስባለሁ።

ራጅ አንሺው ጨረራ የሚለካበት አረንጓዴ ሣጥን ነበረው፤ መስታወቱ ውስጥ ቀጭን መርፌ ያለው። አልፎ አልፎ ማሽኑን እያስበራ በእህቴ ወንበር በኩል ይለካል። መርፌዋ ሁልጊዜ ዜሮ ነጥብ ሁለት ላይ ነው የምትቆመው። «ያው ናት፣ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም» ይልና ሣጥኑን በብብቱ ይዞ ይሄዳል።

በዚያ ዓመት ከአዲስ አበባ አዲስ መለኪያ መጣለት። ከኪስ ሬዲዮ የማይበልጥ፣ መርፌ የሌለው፣ ቁጥሩን ራሱ ጽፎ የሚያሳይ። በዚያው በእህቴ ወንበር በኩል ሲለካበት «2» የሚል ወጣ።

«ዜሮ ነጥብ ሁለት አልነበር እንዴ? አሥር እጥፍ!» አለች አጠገቡ የነበረች ነርስ፤ እጇን አፏ ላይ ጭና።

ከሻይ ሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። ግድግዳው ተሰንጥቋል፣ ጨረራው እየወጣ ነው ተባለ። እህቴ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጽንስ ጨንግፎባታል፤ ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ነገር እሷም አታነሳም፣ እኛም አናነሳባትም።

ማታ እናቴ ሁለት ጎረቤቶቿን ጠርታ ጸለየች። ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ታሽጎ ስለነበር መዝሙሩን እንኳ በሹክሹክታ ነበር የሚዘምሩት። ሴቶቹ ሲሄዱ ወደ እህቴ ዞረች።

«ነገ ሥራ የሚባል ነገር የለም። አለቀ።»

«እማዬ፣ ቦታውን ከለቀቅኩ ማን ይመልሰኛል? የዳምቦያ መምህር ደመወዝ ሕፃን ያሳድጋል?» ባሏ ዳምቦያ ያስተምር ነበር፤ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው።

«መጀመሪያ ሕፃኑ ይኑራ!»

እህቴ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ታያለች፤ የእኛን ቤት የጭቃ ግድግዳ፣ ምንም የሌለበትን።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ራጅ ክፍል ሄድኩ።

«ጋሼ… መለኪያዎቹን ልያቸው?»

«ይኸውልሽ ፕሮፌሰር፣ አይናከሱም» አለና ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ።

ቁጥሩን ሁሉም ሰው አይቶታል። እኔ ከቁጥሩ ሥር ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ነበር ማየት የፈለግኩት። በአሮጌው ላይ ሚሊራድ በሰዓት ይላል፤ በአዲሱ ላይ ማይክሮግሬይ በሰዓት። ግሬይ የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም። ከአዲሱ ጋር የመጣችውን ትንሽ መምሪያ ሳገላብጥ አንድ ግሬይ መቶ ራድ ነው የሚል አገኘሁ። ወረቀት ስላልነበረኝ መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ሠራሁት። መቶ ራድ አንድ ግሬይ ከሆነ አንድ ራድ የግሬይ መቶኛ ነው። ሚሊ ሺኛ ነው፤ ማይክሮ ደግሞ የሺኛው ሺኛ። ስለዚህ አንድ ሚሊራድ አሥር ማይክሮግሬይ ይሆናል። ዜሮ ነጥብ ሁለት ሚሊራድ፣ ሁለት ማይክሮግሬይ።

መዳፌን ዘረጋሁለት።

ወደ መስኮቱ ብርሃን ስቦኝ አነበበው፤ መምሪያዋን አየ፣ እንደገና መዳፌን አየና ሣቁን ለቀቀው። «ቁጥሩን አይቼ ደንግጬ፣ የምንቱ ቁጥር እንደሆነ አላየሁም! ሂጂ ንገሪያት። እኔ ብነግራት ለማጽናናት ያልኩ ይመስላታል።»

ቤት ስደርስ ግን ራድና ግሬይ ብዬ ለእናቴ እንዴት ልንገራት? እናቴ ገብስ ነጋዴ ናት። ፎንቆ ገበያ በጣሳ፣ ሆመቾ ገበያ ደግሞ በትንሽ ኩባያ ትሸጣለች። ገበያ ላይ አንዲት ሴት ያልታወቀ መስፈሪያ ይዛ ስትመጣ ክርክር የለም፤ በመስፈሪያዋ ሰፍረው ወደ ራሳቸው መስፈሪያ ይገለብጡና ሁሉም ያያል። እኔም ጣሳውን ገብስ ሞልቼ በኩባያው አንድ በአንድ ሰፈርኩ። አሥረኛው ላይ ጣሳው ባዶ ሆነ።

«አሮጌው መለኪያ በጣሳ ይቆጥራል፤ አዲሱ በኩባያ» አልኩ።

እናቴ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። «እና መስፈሪያው ነዋ የተለወጠው! ገብሱ ያው ነው! ጌታ ይመስገን!» ብላ ጭኗን መታች።

እህቴ ግን አልሣቀችም።

«ያው ነው?»

«ያው ነው።»

«ከሁለት ዓመት በፊትም ያው ነበር?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ፊቷን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

«ያኔም እዚያው ወንበር ላይ ነበርኩ» አለች ቀስ ብላ።

ቤቱ ውስጥ የተፈጨ በርበሬና የገብስ አቧራ ይሸት ነበር። ያወቅኩት ሁለቱ ቁጥሮች አንድ መሆናቸውን ነው። ቁጥሩ ለጽንስ ደህና ይሁን ክፉ ግን አላውቅም ነበር። ያ ጥያቄ ነው ፊዚክስ ያስመረጠኝ፤ ለማንም ግን እንዲህ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

ራጅ አንሺው ወንበሯን ራሱ ተሸክሞ ወደ ሌላኛው ጥግ አዛወረላት፤ ሥራዋንም አልለቀቀችም። ልጅቷ በክረምት በሰላም ተወለደች፤ እናቴ ቡላ በወተት እያገነፋች ቤቱን አሞቀችው።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ አንድ ቀን ከክፍል በኋላ የመምህሬ በር ላይ ብዙ ቆሜ በመጨረሻ አንኳኳሁና የእህቴን ወንበርና የመለኪያውን ቁጥር አጫወትኩት። ማሽኑ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚበራ ጠየቀኝ። ሰዓት ሳይሆን የሰከንድ ብልጭታ እንደነበር፣ እሱም በሽተኛ ሲኖር ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። አስልቶ «ይሄማ በጣም ትንሽ ነው። ጽንስ አያስጨነግፍም» አለኝ።

ለእረፍት ሆሳዕና ስገባ እህቴን ጓሮ እንሰቱ ጥላ ሥር አገኘኋት። ሳልቀመጥ ነገርኳት።

«እንግዲያው… ወንበሩ አይደለም? እኔ ሥራ አልተውም ብዬ አይደለም?»

«አይደለም። አንቺ አይደለሽም።»

«ታዲያ ምን ነበር?»

«እሱን አላውቅም፣ እህቴ።»

እግራችን ሥር ልጇ የእናቴን ጣሳና ኩባያ ይዛ አፈር እየገለበጠች ትጫወታለች፤ ኩባያው ሞልቶ ሲፈስባት ትሥቃለች። እህቴ ጎንበስ ብላ የልጇን እጅ ጠረገች፤ ቀና ሳትልም፣

«የመጀመሪያው ቢኖር ኖሮ ይሄኔ እሷን አዝሎ ይዞርልኝ ነበር» አለች።

ስለዚያ ልጅ ስትናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው።