የቀጥቃጭ ዐይን

ወረታ ገበያ ዳር ካለው ብየዳ ቤት የጋለ ብረት ሽታ ሲመጣብኝ ወጣትነቴ ትዝ ይለኛል።

ያኔ የገበሬ ልጆችን የእጅ ሙያ የሚያሠለጥኑ ሰዎች ወረታ መጥተው፣ እኔ ብረት ሥራ ተማርኩ። የመጀመሪያ ማረሻዬን ይዤ ቁሐር ሚካኤል ካለው ቤታችን ስገባ፣ እናቴ የምታጠባትን እህቴን በነጠላዋ ሸፈነቻት። በአገራችን የብረት ቀጥቃጭ ዐይን ሕፃን ይበላል እየተባለ ይፈራ ነበር።

«እማየ፣ እኔ እኮ ነኝ!»

«አውቃለሁ ልጄ» አለችኝ፤ ነጠላውን ግን አላነሳችም።

አያቴ ማረሻውን ተቀብለው ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። «ቀጥቃጮች በሠሩት አርሰን እንበላለን፤ ስንበላ ግን ከዐይናቸው እንሸሸጋለን። ይኸ ምን ፍርድ ነው?» አሉ።

በነጋታው አያቴ በዚያው ማረሻ ጥቁሩን የዋልካ መሬት አረሱ፤ እኔም ወደ ሥልጠናዬ ተመለስኩ።

እህቴ ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች። ያን ቀን የሆነውን ግን ነግሬያት አላውቅም።