የአባቴ የሞግዚት ወረቀት

ልጅ ሳለሁ፣ እንጅባራ ባለው ቤታችን፣ አንድ እሑድ ከሰዓት አባቴና አክስቴ በእኔ የተነሳ ይጨቃጨቁ ነበር።

«ልጅቷ ምን ታድርግ? ወረቀቱን ክፍት ሳጥን ውስጥ የተውከው አንተ!» አለች አክስቴ።

«ማን አንብቢ አላት? አንቺ ነሽ በየመንደሩ ‹የእኛ ልጅ አንባቢ› እያልሽ ያስለመድሻት።»

«እንግዲያ መሃይም ትሁንልህ?»

እኔ ከበሩ ኋላ ተደብቄ እሰማ ነበር።

ያኔ አያታችን አባባ ፈንታ ማታ ማታ ከከሰሉ ፍም ፊት ተቀምጠው ተረት ይነግሩን ነበር፤ ተረቱ ሲያልቅ፣ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠው፣ የዘራችንን ሐረግ እስከ ሰባት ቤት ያስቆጥሩናል። አንድ ስም ከዘለልኩ «አያትሽን ገደል ሰደድሽው!» ብለው ይስቁብኝ ነበር።

በዚያ እሑድ ጠዋት የእህቴ እጮኛ ሽማግሌዎች ከጥሊሊ መጡ። ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ይቆጠር ተባለ። አባባ እየቆጠሩ አምስተኛው ስም ላይ ጠፋባቸው። እኔም ሳጥን ውስጥ አይቼው የነበረ፣ የአባቴ ስም ያለበት ባለማኅተም ወረቀት ትዝ አለኝ፤ የአያቶቹም ስም ይኖርበታል ብዬ ሮጬ አመጣሁት። ስጠየቅ ልረዳቸው ነው አልኩ፤ እውነቱ ግን ማንበቤን እንግዶቹ እንዲሰሙልኝ ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ፦ «የሕፃኑ የአበበ አባት ይመር፣ በሞት የተለየ። ሞግዚት ፈንታ።»

ለካ አባቴ ከወሎ ከመጡ ሰፋሪዎች የተወለደ ኖሯል፤ ወላጆቹ ሲሞቱ አባባ ወስደው፣ በስማቸው አስጠርተው አሳደጉት። እኛ ልጆቹ አናውቅም ነበር።

«እንግዲያስ የይመርን ሰባት ቤት ማን ይቁጠርልን?» አሉ አንዱ ሽማግሌ። ቀጠሮ ሳይዙ ሄዱ።

እህቴ ኋላ ያንኑ ልጅ አገባች፤ የወሎ ዘር ከጥሊሊ ሰው ጋር የት ይገናኛል ተባለና። እኔን እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። ፎርም ስሞላ የአያት ስም የሚለው ቦታ ላይ እጄ ይቆማል።

ያን እሑድ ከሰዓት፣ ጭቅጭቁ ገና ሳይበርድ አባባ ከጓሮ ገቡ። እኔ ልክሳቸው ብዬ ከበሩ ኋላ ወጣሁና እንደለመድኩት ከራሴ ስም ተነስቼ መቁጠር ጀመርኩ።

«ትርንጎ፣ አበበ…»

ቀጥሎ ፈንታ ልበል ወይስ ይመር? ለአፍታ አፌ ተያዘ። ያቺን አፍታ አባባ አዩዋት። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ፤ በአጠገቤ አልፈው ወጡ።