የሻይ ፓኬቱ ብርጭቆ

በግብጿ ታንታ ከተማ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች አንድ ልጇን ለብቻዋ ያሳደገችው ወይዘሮ ኢንሺራህ፣ የነገር መነሻው ካልገባት እንቅልፍ አይወስዳትም። የሻይ ፓኬት ላይ «ብርጭቆ በነጻ» ተብሎ የተጻፈ ጊዜ ጎረቤቶቿ እየተሻሙ ገዙ። እሷም ገዛች፤ የብርጭቆውን ዋጋ የከፈለው ማን እንደሆነ ግን ከነከናት።

ላለመግዛትማ አትችልም። ልጇ ነግላ ልታገባ ነው፤ ሙሽራ ደግሞ ማንም የማይጠጣበትን ዕቃ በባለመስታወቱ ቁምሳጥን ደርድራ ለአማቷ ካላሳየች፣ እናቷ የሰፈር መሳቂያ ትሆናለች። ከፓኬቱ ጋር የሚሰጠው ጠርዘ ሰማያዊው ብርጭቆ ደርዘን ሊሞላ አንድ ብቻ ቀርቶት ነበር።

አንድ ቀን ሻዩን ወደ ቆርቆሮዋ ስትገለብጥ ቆም አለች። ድሮ አንድ ፓኬት ጢም አድርጎ የሚሞላት ቆርቆሮ ዛሬ ጎደሎ ናት። ቆርቆሮዋን በብብቷ ሸጉጣ ወደ ባለሱቁ ወደ ሐጅ በዩሚ ገሰገሰች።

«ሐጅ፣ ለካ ከፋይዋ እኔው ነኝ! ሻዬን ቀንሰው ነው ብርጭቆ የሰጡኝ።»

«አሁን ገና ነቃሽ?» ሐጅ ሳቁ። «ታዲያ ብርጭቆውን ልትመልሺ ነው?»

«ኧረ ወዲያ! አንድ ጎድሎኛል፣ አንድ ይጨምሩልኝ እንጂ።»

«ስጦታውማ አበቃ።»

«እሰይ፣ ሻዩ ወደ ልኩ ተመለሰ በሉኛ!»

«የለም፤ ሻዩ እንዳነሰ ቀረ።»

ኢንሺራህ አንጀቷ እያረረ ሳቀች። ሌላ ምን ታድርግ?

የሙሽራው የሪፋት እናት፣ ኡም ሪፋት፣ ዕቃ ልታይ የመጣች ዕለት፣ ኢንሺራህ በጎደለው ብርጭቆ ቦታ ስኳር ማስቀመጫ ደንቅራ ተቀበለቻት። ሴትዮዋ ማስቀመጫውን ገፋ አድርጋ ክፍተቱን አየች።

«እንዲህ ያለች አንዲት ብርጭቆ እኔም ቤት ትንከራተታለች። ነገ ሪፋት ያመጣልሻል።»

«ዋጋዋስ?»

«አንቺ ሴትዮ! በነጻ ነው እንጂ።»

«በነጻ የሚሉትንማ አሁን አወቅሁት። ከፋዩ ማነው?»

ኡም ሪፋት ሻይ ይዛ የገባችውን ነግላን እያየች ፈገግ አለች። «አንቺው ነሻ እህቴ። ይቺን የመሰለች ልጅ ይዤብሽ ልሄድ አይደል?»

ተሳሳቁ። ኢንሺራህ ግን ነግላን ደግማ አየቻት።

ደርዘኑ ሞልቶ ነግላ ተዳረች። ከዚያ ወዲያ ብቻዋን የቀረችው ኢንሺራህ ያንኑ ያነሰ ፓኬት ገዝታ ቆርቆሮዋ ውስጥ ገለበጠች። ወሩ አልቆ ሌላው ቢገባም ሻዩ አላልቅ አላት።