የአምባ ጊዮርጊሱ ይለፍ ቃል

ጎንደር፣ አንድ የመሬት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ስሠራ፣ ከሁሉ የሚያታክተኝ የአምባ ጊዮርጊሱ ኮምፒውተር ነበር። የወገራ ገበሬዎች የይዞታ መዝገብ የሚቀመጠው እዚያ ነው። የኔ ሥራ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በስልክ መስመር ገብቼ የመዝገቡን ቅጂ ወደ ጎንደር ማምጣት ነው። ይለፍ ቃሉን እጽፋለሁ፣ መስመሩ ይቆረጣል። እንደገና እጽፋለሁ፣ እንደገና ይቆረጣል። ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ፣ እኔ ወደ ሰፈሬ ማራኪ የሚሄደው ሚኒባስ እያመለጠኝ ቁጭ ብዬ ያንኑ አሥራ ሁለት ፊደል እመታለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆንኩ።

የሚሻለውን መንገድ አውቀው ነበር። ሁለቱ ማሽኖች ያለ ይለፍ ቃል የሚተዋወቁበት ቁልፍ አለ። ለዚያ ግን የወረዳው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለፈቃዱ ደብዳቤ፣ ለደብዳቤው ማኅተም። ጠብቄ ጠብቄ ተውኩት። ይለፍ ቃሉን ማሽኑ ሲጠይቅ በኔ ፈንታ የሚጽፍ ትንሽ ፕሮግራም ሠራሁና በጊዜ ቤቴ መግባት ጀመርኩ። ፕሮግራሙ መጨረሻው ላይ ሲደርስ «ተፈጸመ» ብሎ ይጽፋል። ቅጂው ቢመጣም ባይመጣም ይጽፋል። ቅጂው መምጣቱን የሚያጣራ ትእዛዝ ነገ እጨምርበታለሁ ብዬ ነበር፤ አልጨመርኩም።

ሐምሌ ላይ አምባ ጊዮርጊስ ኮምፒውተሩን የሚይዘው የወረዳው ሠራተኛ ተቀየረ። አዲሱ ሰው ጠንቃቃ ነውና ይለፍ ቃሉን ለወጠ። አዲሱን በፖስታ አሽጎ፣ «ጥብቅ ምስጢር» ብሎ ጽፎበት፣ ለኃላፊያችን በአውቶቡስ ላከ። ኃላፊያችን ወራት የሚፈጅ ሥልጠና ላይ ነበሩ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋም እንደ ደንቡ ሳትከፍተው ካዝና ውስጥ ቆለፈችበት። የኔ ፕሮግራም በየቀኑ የድሮውን ይለፍ ቃል እየሰጠ፣ በየቀኑ እየተባረረ፣ በየቀኑ «ተፈጸመ» አለ። እኔም እያነበብኩ ቦርሳዬን አንስቼ እሄዳለሁ።

ኅዳር ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ የአምባ ጊዮርጊሱ ኮምፒውተር ተቃጠለ። ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት በሳምንቱ ከወገራ መጡ። መሬቱ በስማቸው የዞረው መስከረም ላይ ነው። ያውም ዋርሳቸው፣ የባላቸው ወንድም፣ ስንት ሽማግሌ ተልኮበት፣ ፊቱን አጥቁሮ እሺ ብሎ፣ ቢሮ ቀርቦ መሬቱ የእሳቸው ነው ብሎ ቃሉን ከሰጠ በኋላ። የይዞታ ደብተራቸው ገና አልታተመም፤ ዝውውሩም የዋርሳቸው ቃልም የተመዘገበው በተቃጠለው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበር።

«የመዝገቡ ቅጂ ከአንተ ዘንድ አለ አሉኝ» አሉ።

ፈለግኩ። የመጨረሻው ቅጂ የሐምሌ መጀመሪያ ነበር።

«የለም እማማ።»

«ምነው ልጄ? በየቀኑ ትወስደው የለ?»

«የወሰድኩ መስሎኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አዩኝና፣ «ደክሞህ ነው፤ ፊትህ ያስታውቃል» አሉ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

የወረዳው ቢሮ ዋርሳቸው እንደገና ቀርቦ ቃሉን ይስጥ አለ። ሽማግሌዎቹ እንደገና ሄዱ። ሰውዬው ግን ቃል ሰጥቼ አላውቅም አላቸው። ሰኔ ላይ መሬቱን እሱ አረሰው።