ለሰይድ የቆረጥኩት ደረሰኝ

ባለፈው ሳምንት ሀዋ የምትባል ወጣት ሰመራ ያለው ቤቴ ድረስ መጣች። የከተማችን የብስክሌት ክለብ ጸሐፊ ናት። ብስክሌቷን ጥላ ሥር አስደግፋ፣ የሰጠኋትን ውሃ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችና ወረቀት ዘረጋችልኝ። ክለቡ ወደ በጎ አድራጎት ማኅበር ሊለወጥ ነውና እንደ አንጋፋ አባል እንድፈርም ፈልገዋል።

«ወርሃዊ መዋጮው ብዙ ልጆች ላይ ከብዷል ጋሼ» አለችኝ። «በጎ አድራጎት ከሆንን ረጂ እናገኛለን፤ መዋጮውም ይቀራል።»

ሁለተኛውን ገጽ ስገልጥ «የተጠቃሚዎች ስም ዝርዝር» የሚል ባዶ ሠንጠረዥ አገኘሁ። መነጽሬን አወለቅኩ። እንዲህ ያለውን ሠንጠረዥ በወጣትነቴ፣ አዋሽ ላይ፣ በገዛ እጄ ሞልቼዋለሁ።

ያኔ ከደጋ የወረድኩ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ወረቀት ስወድ ለጉድ ነው። ያልተጻፈ ነገር የተደረገ አይመስለኝም ነበር። የአዋሽ ብስክሌት ክለብ ጸሐፊ አድርገው የመረጡኝ ቀን ማኅተሙን ትራሴ ሥር አድርጌ ነው ያደርኩት፤ ማን እንደሚሰርቀኝ እንጃ።

ሰይድ የክለቡ ጓደኛዬ ነበር፤ ከወሎ መጥተው አዋሽ ላይ ሱቅ የከፈቱት የጋሽ ይመር ልጅ። እሑድ እሑድ ጎህ ሲቀድ፣ ነፋሱ ሳይግል፣ ተሰልፈን ወደ አዋሽ አርባ እንነዳለን። የጅቡቲ ከባድ መኪኖች ባጠገባችን ሲያልፉ መሪው እጃችን ላይ ይንቀጠቀጣል። ሰይድ ሁልጊዜ ከሰልፉ መጨረሻ ነው። ፓምፑንና መለጠፊያውን የሚይዘው እሱ ስለነበር፣ የግራር እሾህ የማንንም ጎማ ቢወጋ ደርሶ ይቀመጥና ይለጥፋል። ላግዝህ ስለው፣ «አብሽር፣ አንተ መዝግብ፤ እኔ እለጥፋለሁ» ይለኝ ነበር። ስንመለስ ሻይ ቤት ገብተን ትኩስ ፉል በቃሪያ እንበላለን፤ የዚያን ፉል ጣዕም ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም።

አንድ ዓመት ክረምት ላይ ጋሽ ይመር ታመው አልጋ ያዙ። የሱቁ መደርደሪያ እየሳሳ ሄደ፣ ሰይድም መዋጮውን ሦስት ወር አልከፈለም። በመተዳደሪያ ደንባችን ሦስት ወር ያልከፈለ ይሰረዛል። እኔ ደግሞ ሰይድ የሌለበትን ሰልፍ ማሰብ አልቻልኩም። በዚያው ሰሞን አንድ ረጂ ድርጅት ጎማ እንደሚሰጥ፣ ግን ለበጎ አድራጎት ማኅበር ብቻ እንደሆነ ሰማን። መክፈል ያልቻለ አባል በተጠቃሚነት ተመዝግቦ እንዲቆይ፣ እንለወጥ ብዬ በስብሰባ ተከራከርኩ።

ሊቀ መንበራችን ጋሽ ተፈራ፣ መምህር ናቸው፣ አልወደዱትም። «ማኅበር በመዋጮ ነው የሚቆመው» አሉ። «ነገ ማን ረጂ፣ ማን ተረጂ ሊባል ነው?»

በድምፅ ብልጫ ረታኋቸው። ሠንጠረዡንም ሞላሁ። ተራ ቁጥር አንድ፣ ሰይድ ይመር። ምክንያት፣ «መዋጮ መክፈል ያልቻለ ችግረኛ»። ቅጹ ላይ «ቅጂው ለሕዝብ ይለጠፍ» ስለሚል ማኅተም መትቼ ወደ መስጊዱ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት። ለጓደኛዬ ውለታ የዋልኩ መስሎኝ፣ እውነቴን ነው፣ እያፏጨሁ ነበር።

እሑድ ሰይድ አልመጣም። ሰኞ ቢሮዬ ገባና የሦስቱን ወር መዋጮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ልብሱ አቧራ ለብሷል፤ በእግሩ ነው የመጣው።

«ይኼ እኮ አያስፈልግም» አልኩት።

«አባቴ አነበበው» አለኝ ድምፁን ሳያነሳ። «ስንት ቀን ተኝቶ፣ ለሶላት ብሎ እንደምንም ተነስቶ ሲሄድ። ወንድሜ፣ እኛ ዘንድ ቀኝ እጅ የሰጠውን ሶደቃ ግራ እጅ አያውቅም። አንተ ማኅተም መታህበት።»

«ከክለቡ እንዳትወጣብኝ ብዬ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ። ወላሂ አውቃለሁ። አሁን ግን ገንዘቡን ተቀበልና ስሜን ከዚያ አውርድ።»

«ከየት አመጣኸው?»

«ብስክሌቷን ሸጥኳት። በጅቡቲ መንገድ ወደ ዲቾቶ የሚያልፍ ሾፌር ጭኗት ሄደ።»

ገንዘቡን መልሼ ኪሱ መክተት ነበረብኝ። ሮጬ ሄጄ ጋሽ ይመር እግር ላይ መውደቅ ነበረብኝ። እኔ ግን መሳቢያዬን ስቤ የደረሰኝ ጥራዙን አወጣሁ። ካርቦኑን አስገብቼ፣ ስሙን በቁም ጽሕፈት አሳምሬ ጽፌ፣ ማኅተም መትቼ ቆረጥኩለት። ዋናው ለከፋዩ፣ ቅጂው ለክለቡ ነው። ሰይድ ደረሰኙን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«አብሽር» አለኝና ወጣ። ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ነበር የሄደው።

ወረቀቱን የዚያኑ ቀን ከሰሌዳው ገነጠልኩት፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ሆኖ ግን ያላነበበው አልነበረም። ጋሽ ይመር ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ከሰው ኋላ ተደብቄ ቆምኩ። ሰይድ የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ ወደ ጅቡቲ መንገድ ወጣ፣ እናቱም ወደ ወሎ ተመለሱ። ጎማዎቹ ከጊዜ በኋላ መጡ፤ አዳዲስና ጥሩ ነበሩ። እኔ ወደ ሰመራ ከተዛወርኩ ወዲህ ከባድ መኪኖች በሚያድሩባት በዲቾቶ ባለፍኩ ቁጥር መኪናዎቹ ሥር ጎንበስ ያሉትን ሰዎች ፊት አያለሁ። አላገኘሁትም። ናፍቆኛል።

ሀዋ እስክሪብቶ ይዛ እየጠበቀችኝ ነበር።

«መዋጮውን ቀንሱት እንጂ አታስቀሩት» አልኳት። «ገንዘብ ያጠረው ጎማ ይለጥፍ፣ እሱ መዋጮው ይሁንለት። ይህን ሠንጠረዥ ግን ባዶውን ተዪው።»

«ባዶ ከሆነ አይቀበሉንም ጋሼ።»

«እንግዲያስ የኔን ስም ጻፊ።»

የምቀልድ መስሏት ሳቀች፤ አለመሳቄን ስታይ ጻፈችው። ተራ ቁጥር አንድ። ራሴ ጠይቄ እንኳ፣ ስሜን እዚያ ሳየው ፊቴ ጋለ።

ከሄደች በኋላ ሣጥኔን ከፍቼ የድሮውን ደረሰኝ አወጣሁ። የሰይድ ስም አሁንም ይነበባል፣ ጽሕፈቱም ያምራል። ዋናውም ቅጂውም እኔ ዘንድ ናቸው።