ከገበሬ ውስጥ ላም ያወጣሁበት ዓርብ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ወይዘሮ ትርሐስ አንድ ወረቀትና አንድ የታሸገ ፖስታ ሰጡኝ። ወይዘሮ ትርሐስ ሰቆጣ ውስጥ የምንሠራባት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበሩ። ወረቀቱ ላይ የአግድምና የቁልቁል ቃላት ጨዋታ አለ፤ ፖስታው ውስጥ ደግሞ መልሱ።

«መጀመሪያ ፍታው። ፖስታውን የምትከፍተው ከዚያ በኋላ ነው» አሉኝ።

እኔ እንግዲህ ስድስት ዓመት ቅኔ ቤት የከረምኩ ሰው ነኝ። በሆዴ «ይኼማ የሕፃን ጨዋታ ነው» አልኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ «አበርገሌ ሆድ ውስጥ ያለ፣ የሚከፈት የሚዘጋ፤ ሁለት ፊደል» ይላል። ስለ ተከዜ አሰብኩ። ስለ ቆላው ሙቀት፣ ስለ ፍየሉ፣ ስለ መንገዱም አሰብኩ፤ መንገዱም እኮ ይከፈታል ይዘጋል። ረፋዱ ላይ ወይዘሮ ትርሐስ መጥተው «አ፣ በ፣ ር፣ ገ፣ ሌ» እያሉ ፊደሎቹን በጣታቸው ቆጠሩልኝ። መሃል ላይ «በር» ቁጭ ብሏል። ለስድስት ዓመቴ አዘንኩለት።

ሥራው እንዲህ ነበር። ጥያቄውን ወይዘሮ ትርሐስ ያወጣሉ። እኔ መልሱን ሳላይ እፈታለሁ፤ እስከ ምሳ ካልተፈታልኝ ጥያቄው ይጣላል። የተፈታውን ሰኞ ደጅ ባለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ እገለብጣለሁ። ሰው መልሱን ጽፎ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ዓርብ ከሰዓት ሰሌዳው ፊት ቆሜ አስረዳለሁ፤ ፍንጩን በነጭ ጠመኔ፣ የተደበቀውን በቢጫ አሰምርበታለሁ።

ዓርብ ዓርብ ደጁ ይሞላል። የባጃጅ ሾፌር ይመጣል፣ ተማሪ ይመጣል፣ ከሆስፒታል የወጣ አስታማሚ ይመጣል። ከፊት ድንጋይ ላይ ደግሞ አንድ መሪጌታ ይቀመጣሉ። እውነቱን ልናገርና፣ ጭብጨባው ጣመኝ። ልቤ አበጠ።

አንድ ዓመት ወይዘሮ ትርሐስ ውድድር አወጡ። ከመስከረም እስከ ሰኔ አንድም ሳይስት የዘለቀ ሰው የጎልማሶች ንባብ ክፍል ረዳት አስተማሪ ሆኖ ይቀጠራል። በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ ካሳነሽ። የአበርገሌ ልጅ ናት፣ አፏን የፈታችው በኽምጣኛ ነው። ማንበብ የተማረችው ትልቅ ሰው ሆና፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ገበያ ላይ ጌሾ ትሸጣለች። ያንን ሥራ ምን ያህል እንደምትፈልገው የማያውቅ አልነበረም።

ያን ሰኞ እኔ ሰነፍኩ። «ስንቱን ፈትቼ!» ብዬ ፖስታውን ቀድሜ ከፈትኩ። መልሶቹን አየሁ፤ ጥያቄዎቹን ልብ ሳልላቸው ገለበጥኳቸው።

ዓርብ ደረሰ። አራተኛው ጥያቄ «ገበሬ ራሱን ሲያጣ ከብት ይቀራል፤ ሁለት ፊደል» ይላል። የፖስታው መልስ «ላም» ነው። ከገበሬ ላይ «ገ» ሲቆረጥ በሬ ይቀራል እንጂ ላም ከየት ትመጣለች?

ተሳስቻለሁ ማለት ይቻል ነበር። ቅኔ ቤት የከረመ ሰው ግን መውጫ አያጣም። ጉሮሮዬን ጠረግሁና «በግእዝ ላህም ማለት በሬም ነው፣ ላምም ነው። ስለዚህ በሬውን አልፈን ወደ ላሟ እንሻገራለን» አልኩ።

መሪጌታው «ልክ ነው» በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸው ሲነቀንቁ ሕዝቡም ነቀነቀ። አንድ የባጃጅ ሾፌር «እኔም እኮ ላም ልል ነበር!» አለ። ቀጣፊ! ወረቀቱን ኋላ አይቼዋለሁ፤ በሬ ብሎ ነው የጻፈው።

ካሳነሽ ብቻ እጇን አነሳች። «ጋሼ፣ ላሟ የት አለች? እኔ ገበሬው ውስጥ ያየሁት በሬ ነው።»

«አማርኛሽ ገና ነው፣ እህቴ» አልኳት።

ሰው ሳቀ። ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

ማምሻውን ወይዘሮ ትርሐስ ረቂቃቸውን አገላብጠው አዩ። መጀመሪያ ጥያቄው «ሰላም ራሱን ሲያጣ» የሚል ነበር፤ ለዚያ ላም ልክ ነው። ኋላ ጥያቄውን ለውጠው መልሱን መለወጥ ረስተዋል።

«ይኼን እንድትይዝልኝ አይደል የቀጠርኩህ? ሳትፈታው ነው ሰሌዳው ላይ የጻፍከው?»

«አዎ፣ ፖስታውን ቀድሜ ከፈትኩት» አልኩ።

«ያቺን ሴትዮስ ምን አልካት?»

ነገርኳቸው። «አፈር ብላ!» አሉኝ። ሲያንሰኝ ነው።

በማግሥቱ ገበያ ወረድኩ። «ሥራው ያንቺ ነው፣ ሰኞ ነይ» አልኳት። ይቅርታ የምትለዋን ግን ዋጥኳት።

«መልሴ ልክ ነበር?»

«ልክ ነበር።»

«የሰደቡኝ እዚህ ገበያ ላይ ነው?»

«አይ፣ ሰሌዳው ጋ ነው።»

«እንግዲያው እዚያው ይንገሩኝ። የማስተምረው የሳቁብኝን ሰዎች ነው። እንዲህ ተደብቄ ብገባ ማን ይሰማኛል?»

ያ ሳምንት አልገፋ አለኝ። ዓርብ ቆምኩና አራተኛውን ጥያቄ እንደገና ጻፍኩ። በሬን በቢጫ አሰመርኩበት። «ልክ የነበረችው ካሳነሽ ናት። እኔ ያስረዳሁት ሳልፈታው ነው። አማርኛዋ ምንም አልጎደለውም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኩ።

መሪጌታው «እኔም ነቅንቄያለሁ፤ የዋሸነው አብረን ነው» አሉ። ያን ጊዜ ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ፤ በሁለታችን።

ካሳነሽ አልሳቀችም። ወደ ፊት መጥታ ጠመኔውን ከእጄ ተቀበለችኝ። «የዚህን ሳምንት ጥያቄ እኔ ላስረዳ» አለች። ከአንደኛው እስከ መጨረሻው አስረዳች፤ እኔ ከሕዝቡ ጋር ቆሜ ሰማሁ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ለተተኪዎቼ የምለው ይኼን ነው፦ ያልፈቱትን ማስረዳት ውሸት ነው። በግእዝ ሲሆንም ያው ውሸት ነው።