አንድ ሰዓት ከአስር

የምሠራው ላፍቶ ውስጥ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ነው፤ ጽዳት። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል። ስለዚህ የኮምፒውተሩ ባለሙያ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት፣ እሱ በሌለበት፣ ማሽኖቹን እያየሁ እንድመዘግብለት ሲጠይቀኝ መጀመሪያ እምቢ አልኩ።

«እናት፣ ምንም አትነኪም። ማየት ብቻ ነው» አለኝ።

በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ማሽኖች አሉ። የታካሚው ስም፣ ስልክ፣ የምርመራ ውጤት፣ ሁሉም የሚገባው በአንደኛው ነው። ሁለተኛው የአንደኛውን እየገለበጠ ይይዛል፤ ባለሙያው «መስታወቱ» ይለዋል። አንደኛው ቢሞት መስታወቱ ይተካዋል። ስክሪኑ ላይ ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ ሁለቱም አረንጓዴ መሆን አለባቸው። ከሥራቸው መጨረሻ የተገለበጠበት ሰዓት ይታያል። ከአሁኑ ሰዓት ከአስር ደቂቃ በላይ ወደ ኋላ ከቀረ ልደውልለት፣ ደህና ከሆነ ደብተሩ ላይ ራይት ላደርግ ተስማማን። ሰዓቱ የፈረንጅ ስለሆነ በጣቴ እየቆጠርኩ ስድስት እቀንስ ነበር።

«ወደ እኛ ሰዓት ብትቀይረውስ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ላንቺ ስል አንድ ቀን እቀይረዋለሁ» ብሎ ሳቀ።

እኔ ጠንቃቃ ሰው ነኝ። ቤቴን ቆልፌ ታክሲ ተራ ከደረስኩ በኋላ ተመልሼ ቁልፉን የምነካካ ነኝ፤ ልጆቼ ይስቁብኛል። ያን ቅዳሜም በጥንቃቄ ነው ያየሁት። ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። ከሥራቸው 1:10 ይላል። የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፤ አንድ ሰዓት ከአስር። ቀየረልኝ ብዬ ደስ አለኝ፤ ራይት አደረግኩ። እሁድ ስገባ አንድ ሰዓት ከሩብ ነበር፤ ስክሪኑ 1:10 ይላል። ልዩነቱ አምስት ደቂቃ ነው፣ አስር አልሞላም። ራይት።

ሰኞ ጠዋት ዋናው ማሽን አልነሳም አለ። ባለሙያው ወደ መስታወቱ ዞረ፤ ከዓርብ ወዲህ የገባ ምንም ነገር የለውም። በፈረንጅ 1:10 ማለት በእኛ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ከአስር ነው። ዓርብ ለቅዳሜ ሌሊት፣ ያኔ በሁለቱ መካከል ያለው መስመር ተቋርጦ፣ ስክሪኑም እዚያው ላይ ደርቆ ቀርቷል። ደብተሬን ገለጠ።

«ስድስት አልቀነስሽም?»

«የቀየርክልኝ መስሎኝ።»

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ እየሮጠች መጣች። ቅዳሜ የመረመረቻት አንዲት ሕፃን ደሟ በጣም ወርዷል። ሐኪሙ ሰኞ እንደገባ እንዲያያት ቀይ ምልክት አድርጋ አስገብታ፣ እናትየዋን «እንደውላለን» ብላ ሸኝታታለች። አሁን ስሟም ስልኳም የለም።

«ደም ካልተሰጣት ብዙ አትቆይም» አለች።

እኔ አስታወስኳቸው። ቅዳሜ አዳራሹን ስወለውል እናትየዋ እግሯን አንስታልኝ፣ ለቡ ሰፈር የታክሲው መጨረሻ ላይ ቲማቲም እንደምትሸጥ አጫውታኛለች። ልጅቷ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ከንፈሯ ነጭ ነበር።

ዩኒፎርሜን ሳላወልቅ ታክሲ ያዝኩ። ለቡ ስደርስ ዝናብ ነበር፤ ሻጮቹ ሸራቸውን አጥፈው ሄደዋል። እስኪመሽ በየጅምር ሕንፃው ሥር እየዞርኩ ጠየቅሁ፤ የሚያውቃት አላገኘሁም። ማክሰኞ በማለዳ ተመለስኩ።

«ልጅ የታመመችባት ቲማቲም ሻጭ ታውቃላችሁ?»

«እህቴ፣ እዚህ ሁሉም ቲማቲም ሻጭ ነው፣ የሁሉም ልጅ ታሟል» አለችኝ አንዷ ሚዛኗን እየጠረገች።

ጎረቤቷ ዩኒፎርሜን አይታ «ዘንድሮ ሐኪም ቤትም ገበያ ወጥቶ ደንበኛ ይጠራል?» ብላ አሳቀችብኝ። እንባዬን ስታይ ግን ሳቋን ተወችና ከአሸዋ ማራገፊያው ጀርባ በእጇ አመለከተችኝ።

ልጅቷ ጆንያ ላይ ተኝታለች። እናትየዋ ቲማቲም ትደረድራለች።

«የኔ እህት፣ አሁኑኑ እንሂድ። ደሟ ወርዷል።»

«እንደውላለን ብላችሁ አልደወላችሁም። ደህና ብትሆን ነው ብዬ ጌታን አመስግኜ ተቀመጥኩ።»

«ውጤቱ ጠፍቶ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«አንቺ ጽዳቷ አይደለሽ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ የልጄ ውጤት አንቺ እጅ ላይ ምን ይሠራል?»

መልሴን ሳትጠብቅ ቲማቲሙን እዚያው ጥላ ልጇን አነሳች። ታክሲ ውስጥ ልያዝልሽ ብላት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የልጅቷ እግር ጉልበቴን ነካ፤ ቀዝቃዛ ነው። እናትየዋ የልጇን እግር ወደ ራሷ ሰበሰበችው።

ክሊኒኩ በዚያው ሰዓት ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላካቸው።

በሳምንቱ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ለእናትየዋ ደወለችላት። አጠገቧ ቆሜ ነበር። ረጅም ሰዓት አዳመጠች፣ «እሺ፣ እሺ» አለች፣ ስልኩን ዘጋች።

«እንዴት ሆነች?» አልኳት።

«ለዚያች ጽዳት እንዳትነግሪያት ብላኛለች።»

ፊቷን አየሁት። ምንም አይነበብበትም። መወልወያዬን ይዤ ወጣሁ።